መኪናን የሚያስረጀው አያያዙ ነው

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ተሳፋሪ የምትጠብቅ ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404 ታክሲ ዕድሜዋን ብትጠየቅ መልሷ የብዙ ሰው ዕድሜ ይሆናል። ይህ ሞዴል ለገበያ የቀረበው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናው ምርት ያበቃው ደግሞ በ1975 ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ታክሲዎች መካከል ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራችው የመጨረሻዋ ታናሽ እንኳ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሞልቷታል። ባጃጅ ከገባ ወዲህ ቁጥራቸው ቢመናመንም የሐረር ሰው ገበያውን፣ ሠርጉንና ሕመምተኛውን ለዓሥርት ዓመታት ያመላለሰው በእነርሱ ነው። ነገሩን ተአምር የሚያደርገው ሰው ካለ የኮፈኑን ሥር አላየም ማለት ነው። 1,618 ሲሲ የሆነው ሞተር የተሠራው እንዲታደስ ሆኖ ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ ሲበላ ራሱ ብቻ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል፤ ዋናው አካል ለሌላ ዙር ሥራ ይቀራል። መሐንዲሶቹ መኪናዋን ሲነድፉ ወደፊት የሚጠግናትን ሰው አስበውታል። ሐረር ላይ ያ ሰው ተገኘ፤ ግራሶዋን በጊዜው ሰጣት፣ ዘይቷን ቀየረላት፣ ያረጀውን እየነቀለ ደህናውን ተከለላት። ከተአምር ይልቅ አያያዝ የሚለው ቃል ይመጥናታል።

በአገራችን የተለመደው አመለካከት ግን ይህን አያይም። ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ እስከ ታክሲ ወረፋ፣ ከሬዲዮ ውይይት እስከ ቤተሰብ ጨዋታ አንድ ፍርድ ይደጋገማል፦ አሮጌ መኪና ከመንገድ ይወገድ። ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው። አሮጌ መኪና አየሩን ይበክላል፣ ሰው ይገድላል፣ ከተማውን ያስነውራል። መፍትሔውም በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ መኪናው የተመረተበትን ዓመት ማየት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በቆዩ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ሲነገር፣ ብዙ ሰው ከዚህ የወሰደው ትምህርት ፖሊሲው ራሱ ካለው ርቆ ሄደ። የቆየ መኪና ሁሉ ጥፋት ነው፣ እሱን የሚንከባከብም ከዘመን ወደ ኋላ የቀረ ነው የሚል ስሜት ሰፈነ።

መጀመሪያ የማልከራከርበትን ላስቀምጥ። አገራችን የሌላው ዓለም የተጣለ መኪና ማራገፊያ እንዳትሆን በር መዝጋት ተገቢ ነው። ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስም ትክክለኛ ዓላማ ነው። እኔ የምሟገተው ወደ አገር ስለሚገባው መኪና ሳይሆን እዚሁ ስላለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ መለኪያው ነው። የተመረተበት ዓመት አንድ መኪና ከፋብሪካ መቼ እንደወጣ ይነግረናል፤ ዛሬ በምን ይዞታ ላይ እንዳለ ግን አይነግረንም። በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መኪኖች ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ ለሌላ አሥር ዓመት የተዘጋጀ፣ ሌላው ደግሞ ነፍስ የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የያዛቸው እጅ ነው። ስለዚህ ዓመትን መለኪያ ያደረገ ሁሉ የሚፈልገውን ደኅንነትም ንጹሕ አየርም አያገኝም፤ ከዚያ ይልቅ ደኅንነትና ንጹሕ አየር የሚያስገኘውን ሙያ ያዳክማል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጭነት ወይም ሙሉ ተሳፋሪ የያዘ መኪና ያን ሁሉ መንገድ ፍሬን እየያዘ ሲወርድ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ግለቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ በደረጃ መስፈርቱ ተደንግጓል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍም፤ ይጨመቃል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የፍሬን ዘይቱ ለአምስት ዓመት ያልተቀየረ የአምስት ዓመት መኪናና የፍሬን ዘይቱ ባለፈው ወር የተቀየረ የሠላሳ ዓመት መኪና ይህን ቁልቁለት ቢወርዱ ቤተሰባችንን በየትኛው እንሳፍራለን? የተመረተበት ዓመት የመጀመሪያውን ይመርጥልናል። ዕውቀት ግን ሁለተኛውን ይመርጣል።

በእርግጥ ዓመት ራሱ የሚበላቸው ነገሮች አሉ። ጎማ ባይነዳም ይደርቃል፤ ለዚህም ነው በጎኑ ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በአራት አኃዝ የሚታተመው፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። የላስቲክ ቱቦ ይሰነጠቃል፣ ባትሪ ይደክማል፣ የፍሬን ዘይት ከላይ እንዳልነው እርጥበት ይጠጣል። ግን እነዚህ ሁሉ የሚቀየሩ ዕቃዎች ናቸው። መኪና እንደ ሰው አንድ ልብ ይዞ ተወልዶ በዚያው ልብ የሚሞት ፍጡር አይደለም። በየራሱ ጊዜ የሚያልቅ የብዙ ዕቃ ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱን በየጊዜው የሚተካ ካለ ሁሉም አንድ ላይ አያረጁም። ሳይተካ የሚቀረው ዋናው ነገር አካሉ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚገድለው ዝገት ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው የመኪናን ሆድ በጥቂት ክረምት ይበላዋል። በሐረርም ሆነ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው የሚነሰንስ የለም። የሌላ አገር የዕድሜ ልክ እዚህ እንዳለ ሊሠራ የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ጭሱ እንምጣ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ ሕዝቡን የሚያስቆጣው እሱ ነው፣ ቁጣውም ትክክል ነው። ግን ጭስ የሚያነበው ላገኘ መልእክት አለው። ጥቁር ጭስ የሚተፋ የናፍጣ መኪና ነዳጁ ከአየሩ በዝቶበታል፤ ብዙውን ጊዜ ወይ የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል ወይ ኖዝሉ ነዳጁን ሳይበትን ያንጠባጥባል ወይ ፖምፓው ከልኩ ወጥቷል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎማው አልቋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውኃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ከሦስቱ አንዱም በልደት ቀን የሚመጣ በሽታ አይደለም። ሦስቱም በአራት ዓመት መኪና ላይ ይታያሉ፤ ሦስቱም በአርባ ዓመት መኪና ላይ ላይታዩ ይችላሉ። በከተማችን ዳገት ላይ ጥቁር ደመና ለቀው የሚሄዱትን መኪኖች ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ሁሉም አሮጌ እንዳልሆኑ ይመሰክራል፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ቀን ከሌት የሚሠሩ፣ ፊልትሮ የሚቀይርላቸው ያጡ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ናቸው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ የሚያነሣው ጠንካራ መከራከሪያ አለ፣ ላድበሰብሰውም አልፈልግም። በሚገባ የተያዘ አሮጌ መኪናም ቢሆን ብዙ ጊዜ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የለውም፤ ስለዚህ በኪሎ ሜትር የሚለቀው መርዘኛ ጋዝ ከዘመናዊው ይበልጣል። ኤርባግም የለውም፣ ግጭትን ውጦ ተሳፋሪውን የሚያተርፍ አካልም አልተሠራለትም። ይህ እውነት ነው። አንድ 404 ከዘመናዊ መኪና ጋር በፍጥነት ቢጋጭ የተሳፋሪዎቹ ዕጣ እኩል አይሆንም። ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው መደምደሚያ ምንድን ነው? በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ለእግረኛ የገጨው መኪና ኤርባግ ኖረው አልኖረው ምንም አይፈይድለትም። የሚያድነው የመኪናው ፍጥነት፣ የፍሬኑ ጥንካሬ፣ የጎማው ጥርስ፣ የመብራቱ ብርሃንና የሾፌሩ ንቃት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ የአያያዝ፣ ሁለቱ የሾፌሩ ጉዳዮች ናቸው፤ የተመረተበት ዓመት ከመካከላቸው የለም። ደኅንነትን በዓመት የሚለካ ሰው የተሳፋሪውን ወንበር አስቦ እግረኛውን ረስቷል።

ደግሞስ ይዞታን የምንለካበት መሣሪያ ከጥንትም አለን፤ ቦሎ እንለዋለን። በየዓመቱ መኪና ተመርምሮ ብቁ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲለጠፍ ታስቦ የተዘረጋ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በትክክል ከሠራ ፍሬኑ የማይዝ፣ መሪው የሚንገዋለል፣ ጭሱ የሚያፍን መኪና ዕድሜው ምንም ይሁን ምን መንገድ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ የዓመት ገደብ አያስፈልግም። ሥርዓቱ በትክክል ካልሠራ ደግሞ የዓመት ገደቡ አያድነንም፤ ፍሬኑ ያለቀ የሦስት ዓመት ሚኒባስ ቦሎውን ለጥፎ ይሄዳልና። ከሁለት አንዱ ነው፣ በሁለቱም መንገድ ችግሩ ዕድሜ አይደለም። ምርመራው የላላ መሆኑን እያወቅን ስለ አሮጌ መኪና ብቻ መጮህ አበው እንዳሉት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። የሚከብደው ሥራ መርማሪውን ማሠልጠን፣ መሣሪያውን ማሟላትና ምርመራውን ከእጅ መንሻ ማጽዳት ነው። የሚቀለው ግን የሊብሬውን ዓመት ማንበብ ነው፤ ስለሚቀልም ተወደደ።

ዕድሜንና ሊትርን ብቻ አይቶ መኪና ማስወገድ በተግባር ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ፕሮግራም ይመልከት። መንግሥት 3 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነዳጅ የሚያበዛ የቆየ መኪናውን ለሚያስረክብ ሰው ለአዲስ መግዣ እስከ 4,500 ዶላር ይሰጥ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 680,000 የሚጠጉ መኪኖች ተወገዱ። ለመግባት መኪናው የሚነዳ መሆን ነበረበት፤ ማለትም የተወገዱት የሚሠሩ ሞተሮች ናቸው። አወጋገዱም ይህ ነበር፦ የሞተሩ ዘይት ይራገፋል፣ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ይጨመራል፣ ከዚያ ሞተሩ እንዲነሣ ይደረጋል። ፈሳሹ ሲግል ወደ መስታወትነት ይለወጣል፤ ሞተሩም በራሱ ጉልበት ራሱን አንቆ ይቆማል፤ ሁለተኛ ላይነሣ። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በኋላ ሲያጠኑት ከሽያጩ ትልቁ ክፍል ሰዎች ቀድሞም ሊገዙ አስበውት የነበረውን ግዢ በጥቂት ወራት ያስቀደመ ብቻ ሆኖ አገኙት። ነዳጅ መቆጠቡ አይካድም። ግን ሀብታም አገር እንኳ ደህና ሞተር በመግደሉ ሲተች፣ ከመቶ ሰው ለአንዱ ገደማ እንኳ መኪና በጭንቅ የሚደርስባት አገር ያንኑ ሐሳብ እንደ ዘመናዊነት ልትቀበል አይገባም። ብረቱን ለማቅለጥ፣ ቆርቆሮውን ለመጥረብ፣ መስታወቱን ለማፍሰስ የወጣው ኃይልና የተለቀቀው ጭስ ከመኪናው ጋር አብሮ ይጣላልና።

ሀብታሞቹ አገሮች ራሳቸው የቆየ መኪናን እንዴት እንደሚይዙ ማየት ደግሞ ክርክሩን ያጠራዋል። ጀርመን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 30 ዓመት ለሞላቸው መኪኖች በሰሌዳቸው መጨረሻ ላይ ኤች የሚል ፊደል ትሰጣለች። ይህ ፊደል ያለው መኪና በተለየ የቀረጥ ሥርዓት ይስተናገዳል፤ ብክለት ወደ ተከለከለባቸው የከተማ ክልሎችም እንዲገባ ይፈቀድለታል። ይህን ያህል አየሯን የምትጠብቅ አገር ለምን ፈቀደች ቢባል መልሱ ከቅድመ ሁኔታው ውስጥ አለ፤ ሠላሳ ዓመት መሙላት ብቻውን ፊደሉን አያሰጥም፣ መኪናው በባለሙያ ተመርምሮ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለና መሠረታዊ መልኩን የጠበቀ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የቆዩ መኪኖችን ለመጠበቅ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም እንዲሁ ዓመትንና ይዞታን አብሮ ይጠይቃል፤ በ2016 ያዘጋጀው የመኪና ቅርስ ዓመትም የዩኔስኮ ድጋፍ ነበረው። አስተውሉ፤ በእኛ ዘንድ ዓመት የሚያስቀጣ ሲሆን በእነርሱ ዘንድ አያያዝ የሚያስከብር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከልብ የሚመጣ ነው፣ ስለዚህም በአክብሮት መመለስ አለበት። ሐረሬው ሾፌር 404ቱን የያዛት ወድዶ ሳይሆን ሌላ ስለሌለው ነው፤ የሃቫና ሰዎችም የ1950ዎቹን የአሜሪካ መኪኖች በሶቪየት ሞተርና በእጅ በተሠራ መለዋወጫ እያንቀሳቀሱ የኖሩት አብዮትና ማዕቀብ አስገድዷቸው ነው፤ ስለዚህ ይህን ማወደስ ድህነትን ማወደስ ነው የሚል ነው። ችግር እንዳስገደዳቸው እቀበላለሁ። ግን አንድ ሙያ በችግር ቀን ስለተወለደ ብቻ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ድርቆሽና ቋንጣ የተወለዱት ከማጣት ፍርሃት ነው፤ ዛሬ ግን ጥጋብም ባለበት ቤት ይበላሉ። የጠጋኙ ችሎታም ከችግሩ ተለይቶ የሚቆም ሀብት ነው። የምናወድሰው ማጣቱን ሳይሆን በማጣት ውስጥ የተገኘውን ዕውቀት ነው፤ ድህነትን የሚያራዝመው ደግሞ ይህን ዕውቀት ንቆ ሁልጊዜ አዲስ ዕቃ በምንዛሪ መጠበቅ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እዚህ ላይ በሚገባ ይሠራል።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ሥር እንዳለው ለማየት የጋራዥ ቋንቋን ማዳመጥ ይበቃል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፤ ሙያተኛው ባትላሜራ፣ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ፣ የሚታጠብበት ላቫጆ፣ ቦሎም ጭምር። ቃላቱ ከጣልያን የመጡ ናቸው፤ ግን የፋሺስት ወረራ አምስት ዓመት ሲያበቃ አብረው አልሄዱም። ፊያቱ አልፎ ቮልስዋገን መጣ፣ ከዚያ ፔጆ፣ ከዚያ ላዳ፣ ከዚያ ቶዮታ፤ ዛሬ የጃፓን መኪና ከፍቶ የሚሠራ ወጣት ለረዳቱ ካንዴላውን አቀብለኝ ይለዋል። መኪናው በየዘመኑ ተለወጠ፤ ዕውቀቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ቀጠለ። ይህ ትምህርት ቤት ሕንጻም ደመወዝ የሚከፈለው መምህርም ሳይኖረው ለሰማንያ ዓመት አስተምሯል። የሚያስተምርበት መጽሐፍ ደግሞ ያ የምንንቀው አሮጌ መኪና ነው፤ ሊፈታ የሚችል፣ ሁሉ ነገሩ በዓይን የሚታይ፣ ተሳስቶ የሚማርበትን ልጅ የሚታገሥ። መጽሐፉን አቃጥለን ተማሪ አናገኝም።

መኪናን እንደ ፍላጎት መለወጥና ማስጌጥም ከዚህ ጋር ይታያል። በብዙ ሰው ዓይን ቶዮታ ዲኤክሱን የሚያስጌጥ ወጣት ሥራ ፈት ነው። ግን የአገራችን ትልቁ የመኪና ማሻሻያ በእኛው መንገድ ላይ ሰው ጭኖ ይሄዳል፣ ቅጥቅጥ ይባላል። በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ እዚሁ በሠራተኛ እጅ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ፣ ወንበር ተገጥሞለት አውቶቡስ የሆነ መኪና ነው፤ ስሙ ራሱ የሠራውን መዶሻ ይናገራል። ከእርሱ በፊት የነበረው ውይይትም ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ እንዲቀመጥ የተገጠመለት አግዳሚ ነው ስሙን ያወጣለት። ይህ ሁሉ መኪናን ከአገር ኑሮ ጋር ማስማማት ነው። ታዲያ ሁሉም ለውጥ መልካም ነው አልልም። መኪናው ዝቅ እንዲል ሞላ መቁረጥ ጎማውን ከአካሉ ጋር ያፋትጋል፣ ጉድጓድ ላይም መኪናውን ከሾፌሩ ቁጥጥር ያወጣዋል፤ ድምፅ እንዲያወጣ ማርሚታ መንቀል ጎረቤት ይበድላል፤ ዓይን የሚያጠፋ መብራት መግጠም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። መልካሙንና መጥፎውን የሚለየው መስፈርት አሁንም ያው ነው፦ ለውጡ የመኪናውን መቆም፣ መታጠፍና መታየት ያሻሽላል ወይስ ያበላሻል? ያሻሻለ ተንከባከበ፤ ያበላሸ ግን ቢያብለጨልጭም ጎዳ።

ከዚህ መስፈርት አንጻር የመኪና ወዳጅ ነን የምንለውም የምንወቀስበት አለን። መኪና በአገራችን ውድ ስለሆነ ከመጓጓዣነቱ ይልቅ የገንዘብ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ስለዚህ የምንጠብቀው ገዢ የሚያየውን ነው። የወንበሩ ላስቲክ ለዓመታት ሳይቀደድ ይቆያል፣ ቀለሙ ያልተነካ መሆኑ በኩራት ይነገራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላቫጆ ይኬዳል። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ሲጠየቅ ግን መልስ የለም። ይህ የሚንከባከበው የመሸጫ ዋጋውን እንጂ መኪናውን አይደለም። እንዲያውም አሮጌ መኪና ይወገድ የሚለው አመለካከትና ይህ ልማድ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ከላይ የሚታየውን አይተው ይፈርዳሉ። አንዱ የቆየ ቅርጽ አይቶ ይጥላል፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ ቀለም አይቶ ያምናል። መኪናን ማክበር ማለት የማይታየውን መጠበቅ ነው፤ የሚሸጥበትን ቀን ሳይሆን ነገ ጠዋት የሚወርድበትን ቁልቁለት እያሰቡ።

አሁን የቀረው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፦ ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ይህ ሁሉ ንግግር ያለፈ ነው የሚል። እንዲያውም ክርክሬን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጸናልኝ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በእርሱ ላይ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መሪው፣ ኩሽኔታው፣ አካሉ ሁሉም አሉ፤ ባትሪው ስለሚከብድ ጎማው እንዲያውም ቶሎ ያልቃል፤ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ኃይል መልሶ ስለሚሰበስብ ፍሬኑ ብዙ ሳይሠራ ቆይቶ ሊዝግ ይችላል። ባትሪው ደግሞ አያያዝ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። በሙቀት ውስጥ የሚውል፣ ዘወትር በፈጣን ቻርጅ እስከ ጫፍ የሚሞላና ባዶ እስኪሆን የሚነዳ ባትሪ ጉልበቱን ቶሎ ያጣል፤ በመጠን የተያዘው ግን ይበረክታል። በአንድ ዓመት የተመረቱ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱ ሙሉ መንገዱን ሲሄድ ሌላው ግማሹ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ገዢ ሊብሬ አንብቦ ይህን አያውቅም፣ የባትሪውን ጤንነት የሚለካ ሙያተኛ ይሻል። ዛሬ ዓመት ቆጥረን መጣልን ልማድ ካደረግን ከአሥር ዓመት በኋላ እነዚህን ውድ መኪኖች ከነባትሪያቸው የምንከምርበት ቦታ እንፈልጋለን። ዛሬ መጠገንን ካከበርን ግን ካምቢዮ ይፈታ የነበረው እጅ ባትሪ መፍታት ይማራል፤ ከፊያት ወደ ቶዮታ እንደተሻገረው ወደዚህኛውም ይሻገራል።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። ቦሎ የወረቀት ሥርዓት መሆኑ ቀርቶ የፍሬን፣ የመሪ፣ የመብራትና የጭስ መለኪያ ይሁን፤ ያላለፈ አዲስም ይሁን አሮጌ ይቁም። ለነፍስ የሚያስፈልጉ መለዋወጫዎች፣ ማለትም ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ዘይት፣ መብራት፣ ከቅንጦት ዕቃ ተለይተው ቀረጥ ይቅለልላቸው፤ ያለቀ ጎማ ይዞ የሚነዳ ብዙ ሰው ዋጋው አንቆት ነውና። በጋራዥ ያደገው ሙያተኛ ፈተና ወስዶ የሙያ ማረጋገጫ የሚያገኝበት፣ ወደ ኤሌክትሪክ የሚሸጋገርበት ሥልጠና ይሰጠው። በጥሩ ይዞታ ላይ ያሉ የቆዩ መኪኖችም፣ በሐረር ያሉት ፔጆዎችም ሆኑ በየከተማው የቀሩት ቮልሶችና ላዳዎች፣ ተመርምረው የቅርስ ሰሌዳ ይሰጣቸው። ከእነዚህ አንዱም በሊብሬ ላይ ያለን ቁጥር በማንበብ የሚገኝ አይደለም፤ ሁሉም ኮፈን መክፈት ይጠይቃሉ።

የ404 ነገርም የሚያስተምረን ይኸው ነው። በዘመኗ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ያሸነፈች መኪና ነች፤ ጠንካራ መሆኗ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከእርሷ ጋር በአንድ ፋብሪካ ተሠርተው የወጡት አብዛኞቹ እህቶቿ ከረጅም ጊዜ በፊት ቀልጠው ሌላ ብረት ሆነዋል። ብረቱ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ፣ ዓመቱም አንድ ነበር። ሐረር ላይ የቀረችውን ያቆያት ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ኮፈኗን የሚከፍት፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ በጨርቅ የሚጠርግ፣ መልሶ ከትቶ ዘይቱ የት ድረስ እንደደረሰ በዓይኑ የሚያይ ሾፌር ነው።